«ተመረጡ» ወይስ «በኮታ ገቡ»? የሂና ራባኒ ካርን የፖለቲካ ጉዞ በአማርኛ ያሰናዳሁበት መንገድ

የፓኪስታን የመጀመሪያዋ ሴት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የሂና ራባኒ ካርን የፖለቲካ ሕይወት ለመጻፍ መጀመሪያ ያወጣሁት ሰንጠረዥ አራት ዓምድ ብቻ ነበረው፦ ዓመት፣ ምክር ቤት፣ ፓርቲ፣ ሹመት። በዚያ ሰንጠረዥ መሠረት ካር በ2002፣ በ2008 እና በ2018 «ተመርጠው» ምክር ቤት ገቡ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ዓመቶቹ ልክ ናቸው፤ ግሱ ግን ለሦስተኛው አይሆንም። አምስተኛውን ዓምድ፣ «የመቀመጫው ዓይነት» የሚለውን፣ የጨመርኩት ይህን ሳውቅ ነው። ስለ የትኛዋም ፓኪስታናዊት ፖለቲከኛ የሚጽፍ ሰው ከዚህ ዓምድ ቢጀምር ግማሹን ድካም ይገላገላል።

በ2018 ብሔራዊ ምክር ቤቱ 342 መቀመጫ ነበረው። 272ቱ ሕዝብ በምርጫ ክልሉ በቀጥታ ድምፅ የሚሰጥባቸው ናቸው፤ 60ው ለሴቶች፣ 10ሩ ሙስሊም ላልሆኑ ዜጎች የተያዘ ነው። ከ2024ቱ ምርጫ ጀምሮ ጠቅላላው ወደ 336 ወርዷል፤ የሴቶቹ 60 ግን አልተነካም። ለሴቶች ለተያዘው መቀመጫ ድምፅ የሚሰጥ መራጭ የለም። ፓርቲው በየግዛቱ የሴቶችን ስም በቅደም ተከተል ጽፎ አስቀድሞ ለምርጫ ኮሚሽኑ ያስገባል። ምርጫው ሲያልቅ ፓርቲው በዚያ ግዛት ባሸነፈው የቀጥታ መቀመጫ ልክ ከዝርዝሩ አናት ጀምሮ ወደ ታች ይቆጠራል።

ስሌቱን አንድ ጊዜ በእጅ መሥራት ብዙ ነገር ያስረዳል። በ2018 የፑንጃብ ግዛት 141 የቀጥታ እና 33 የሴቶች መቀመጫ ነበረው። 141 ለ33 ሲካፈል 4.27 ይመጣል። እንግዲህ በፑንጃብ 6 የቀጥታ መቀመጫ ያሸነፈ ፓርቲ ድርሻው 1.4 ገደማ ነው፤ አንደኛዋ ትገባለች፣ ሁለተኛዋ በሽርፍራፊው ዕድሏን ትጠብቃለች፣ ሦስተኛዋ ቤቷ ትቀራለች። የዝርዝሩን ተራ የሚያወጣው ደግሞ የፓርቲው አመራር ነው። አንድ የሚያሳስት ነገር አለ፦ በግል ተወዳድረው ያሸነፉ ሰዎች ስማቸው በመንግሥት ጋዜጣ በወጣ በ3 ቀን ውስጥ ፓርቲ ከተቀላቀሉ ለዚያ ፓርቲ ይቆጠራሉ። የምርጫውን ማግስት ቁጥር ይዞ የሚያሰላ ሰው ሒሳቡ አልገጥም የሚለው በዚህ ምክንያት ነው።

ካር በ2002 እና በ2008 በፑንጃብ ከሚገኘው ከሙዛፋርጋር ወረዳ በቀጥታ ተወዳድረው አሸንፈዋል፤ በ2018 የገቡት በፑንጃብ የሴቶች ኮታ ነው። ስለዚህ ለሁለቱ «ተመረጡ»፣ ለሦስተኛው «በፓርቲያቸው የሴቶች ዝርዝር ገቡ» ብዬ ለየሁ። አንባቢ በአንድ ግስ የሴትዮዋ ጉልበት ከመንደር መራጭ ይመጣ እንደሆነ ወይም ከፓርቲው ጽሕፈት ቤት ያውቃል።

የ2002ቱን ድል ግን ሕጉን ሳይጠቅሱ መጻፍ አይቻልም። በወታደራዊው መሪ በፐርቬዝ ሙሻራፍ ዘመን በወጣው ደንብ የመጀመሪያ ዲግሪ የሌለው ሰው ለምክር ቤት መወዳደር ተከለከለ። አባትየው ጉላም ኑር ራባኒ ካር የቀድሞ የምክር ቤት አባልና የአካባቢው ባለ መሬት ቢሆኑም ዲግሪ አልነበራቸውም። ልጃቸው በላሆር ኢኮኖሚክስ፣ በአሜሪካ ማሳቹሴትስ የሆቴልና ቱሪዝም አስተዳደር ተምረዋል። ቤተሰቡ ዲግሪ ያላትን ልጅ አቆመ፤ ዘመቻውንም በአብዛኛው የመሩት አባትየው ናቸው። ደንቡን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2008 ሽሮታል። ብዙ ጽሑፍ ይህን ዘሎ «ወጣቷ ባለ ራእይ» ብሎ ይጀምራል፤ እኔ የዲግሪውን ሕግ ወደ መጀመሪያው አንቀጽ አወጣሁት፣ ያለ እሱ ታሪኩ አይገባምና።

የካር የልደት ቀን ሌላ ወጥመድ ነው። ጃንዋሪ 19 እና ኖቬምበር 19፣ 1977 የሚሉ ሁለት ቀኖች ተጽፈው ይገኛሉ። ሕገ መንግሥቱ ተወዳዳሪ ቢያንስ 25 ዓመት ይሙላው ይላል፤ ምርጫው የተካሄደው ኦክቶበር 10፣ 2002 ነው። በኖቬምበሩ ከተሄደ ገና 24 ናቸው፤ ከሕጉ ጋር የሚስማማው የጃንዋሪው ነው። «1977» ብቻ ብዬ ተውኩት፣ «በ33 ዓመታቸው ሚኒስትር ሆኑ» የሚለውንም አብሬ ሰረዝኩ።

የምርጫ ክልል ቁጥርን እንደ ቋሚ አድራሻ መያዝም ያሳስታል። የካር ክልል ኤንኤ-177 ነበር («ኤንኤ» የብሔራዊ ምክር ቤቱ የእንግሊዝኛ ምሕጻር ነው)። በ2018 ወሰኑ እንደገና ሲሰመር ያ ቁጥር ለሌላ የፑንጃብ ወረዳ፣ ለራሂም ያር ካን ተሰጠ፣ በ2024 ደግሞ ወደ ሙዛፋርጋር ተመለሰ። ከቁጥሩ ጎን ሁልጊዜ ወረዳውንና ዓመቱን እጽፋለሁ።

ስለ ስሞች ባጭሩ። በኡርዱ የቤተሰቡ ስም የሚጀምረው ትንፋሽ ባለው «ክ» ነው እንጂ በዐረብኛው «ኸ» ስላልሆነ «ኻር» ከማለት «ካር» ይቀርባል። ሂና ያው እኛ እጅና እግር የምንቀባው ሂና ነው። የመጀመሪያ ፓርቲያቸውን «ሙስሊም ሊግ» ብሎ ማቆም ግን ስህተት ነው፤ ካር በ2002 የቆሙት በቃኢድ ክንፍ ነው፣ የናዋዝ ክንፍ ተቀናቃኙ ነበር። በ2008 የፓኪስታን ሕዝቦች ፓርቲን ተቀላቀሉ። በሰነዱ ላይ ፓርቲው «ፓርላሜንታሪያንስ» የሚል ቅጥያ ይዞ ቢገኝ በተግባር ሌላ ፓርቲ አይደለም፤ መሪው ቤናዚር ቡቶ ፓርቲ መምራት በተከለከሉበት በ2002 ለምርጫ የተመዘገበበት ስም ነው።

ለካር ሹመት «ሚኒስትር ዴኤታ» የሚለው ቃል ሳይቸግር ተገኘ፣ ችግሩ በኋላ መጣ። እኛ ዘንድ ሚኒስትር ዴኤታ የምክር ቤት አባል ላይሆን ይችላል፤ በፓኪስታን ግን ከፓርላማ አባላት መካከል ይሾማል። የ2009ኙ በጀት የሚገባው በዚህ ነው። የፋይናንሱን ሥራ የሚመሩት ሻውካት ታሪን በወቅቱ የፓርላማ አባል ያልሆኑ አማካሪ ስለነበሩ ጁን 13 በጀቱን ያነበቡት የፋይናንስ ሚኒስትር ዴኤታዋ ካር ናቸው፤ በፓኪስታን ታሪክ በጀት ያቀረቡ የመጀመሪያ ሴት ሆኑ። ቀኑ በእኛ ሰኔ 6፣ 2001 ነው። የእነሱ በጀት ዓመት ጁላይ 1 ይጀምራል፣ የእኛው ከሳምንት በኋላ ሐምሌ 1፤ ወቅቱን ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት አልከበደኝም። ዓመት ስቀይር ግን ሁሉንም በጅምላ 8 ቀንሼ የኦክቶበር 2002ን ምርጫ 1994 አድርጌው ነበር፤ ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር 31 ላለው የሚቀነሰው 7 ስለሆነ ትክክሉ 1995 ነው።

በ2011 ደግሞ ሁለት ቀን አለ። ፌብሩዋሪ ላይ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ዴኤታ ሆኑ፣ ሙሉ ሚኒስትር ሆነው ቃለ መሐላ የፈጸሙት ጁላይ 20 ነው። በሳምንቱ ዴልሂ ሄደው ከሕንዱ አቻቸው ኤስ. ኤም. ክሪሽና ጋር ተነጋገሩ፤ ጋዜጦች ስለ ካር የእጅ ቦርሳ የጻፉትን ያህል ስለ ንግግሩ አልጻፉም። ለቦርሳው አንድ ዓረፍተ ነገር ሰጥቼ አለፍኩ።

የሰንጠረዡን የመጨረሻ ረድፍ በስህተት «ዳግመኛ ሚኒስትር» ብዬው ነበር። ተስተካክሎ እንዲህ ይነበባል፦ ኤፕሪል 2022 – ኦገስት 2023፤ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ዴኤታ፤ የሴቶች ኮታ፣ ፑንጃብ፤ የበላይ ሚኒስትር የፓርቲያቸው ሊቀ መንበር ቢላዋል ቡቶ ዛርዳሪ።