መብራት የሄደው ገዳዩ ሊታወቅ ሲል ነው

ከሥራ ስወጣ ጣና ዳር ቡና ልጠጣ አስቤ ነበር። ተውኩት። ድራማው አለ፣ እማዬም ሪሞቱን ይዛ ትጠብቀኛለች።

የዛሬው ክፍል ከባድ ነበር። አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ የመሬት ጨረታው መጭበርበሩን ታውቅና ሰነዱን ኮፒ አድርጋ ትደብቃለች። ሹሙ ቢሮው ጠርቶ በፈገግታ ሻይ ጋበዛት። (ያቺ ፈገግታ! ከቢላው በላይ እሷ አስፈራችኝ።) በማግስቱ ሞታ ተገኘች።

እማዬ ወዲያው "ሹፌሩ ነው፤ ዓይኑን አላየሽውም?" አለች።

መርማሪው በሩን ሲከፍት መብራት ድርግም!

በረንዳ ወጣን። ከሐይቁ በኩል ደስ የሚል ነፋስ ይመጣል። ሕግ የሚማረው ወንድሜ በጨለማ ሌክቸር ጀመረ። እኛ አገር የምስክሮችና የጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ አለ፣ ቁጥር 699/2003። ማንነትን መደበቅ፣ መኖሪያ መቀየር ሁሉ ይፈቅዳል አለን። እኔ አላውቅም ነበር። ስንቱ የቢሮ ሠራተኛ ያውቀው ይሆን?

እማዬ ዝም ብላ ሰማችውና "ታዲያ ለዚያች ልጅ ቀድመህ አትነግራትም ነበር?" አለችው።

መብራቱ ሲመጣ ዜና ላይ ደርሰናል። እማዬ ግን አሁንም "ሹፌሩ ነው" እያለች ነው።