ተራራ ላይም ቢሆን ጥሩ ቡና

ለጉዞ ስወጣ ልብስ ልቀንስ እችላለሁ፣ ቡናዬን ግን አልቀንስም። ጠዋት ጣቶቼ በብርድ ደንዝዘው ከድንኳን ስወጣና የመጀመሪያዋን ትኩስ ቡና በሁለት እጄ ስይዝ የሚሰማኝ ደስታ በእውነት ሌላ ነው።

ብዙ ሰው የሚጨነቀው ስለ ማፍያው ነው። እኔ ወፍጮው ይቀድማል ባይ ነኝ። ቡና ከተፈጨ በኋላ መዓዛው ቶሎ ስለሚጠፋ ትንሽ የእጅ ወፍጮ ያዙና እዚያው ፍጩ። ለማፍያ ኤሮፕሬስ፣ ማለትም ቡናውን በእጅ ተጭነን የምናጣራበት ቱቦ መሳይ ዕቃ፣ ይበቃል፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ለገበያ የቀረበ የአለን አድለር ፈጠራ ነው፣ ፕላስቲክ ስለሆነም አይከብድም።

መጠኑን ቤት ሳላችሁ ጨርሱ። ለ240 ሚሊ ሊትር ውሃ 15 ግራም ቡና፣ በትንንሽ ላስቲክ ከፋፍላችሁ ከያዛችሁት ሚዛን መሸከም ቀረ።

ውሃው ላይ ግን ቆም እንበል። ከፍታ በጨመረ ቁጥር ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ነው የሚፈላው፤ 3,000 ሜትር ላይ 90 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። ስለዚህ ቆላ ላይ እንደምታደርጉት በረድ እስኪል አትጠብቁ፣ እንደፈላ ወዲያው ጨምሩት፣ ቡናውንም ትንሽ ደቀቅ አድርጉት፣ አለዚያ ውሃ ውሃ ይላል።

እባካችሁ፣ ብርዱ የቱንም ያህል ቢከፋ ምድጃውን ድንኳን ውስጥ አታቀጣጥሉ። ከምድጃው የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ሽታ የለውም፣ ይገድላል። ውጭ ሆናችሁ ከነፋስ ከልሉት። አተላውን ደግሞ ሜዳ ላይ አትድፉት፣ በላስቲክ ቋጥራችሁ ይዛችሁት ተመለሱ።