የስፌት ላይን የሚመራ ሰው ጠዋት ምን ይሥራ?

በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሼዶች ውስጥ የላይን (አንድን ልብስ በየተራ እየተቀባበሉ የሚሰፉ ሠራተኞች መስመር) ሱፐርቫይዘር የሚደረገው ብዙ ጊዜ እጁ ፈጣን የሆነ ኦፕሬተር ነው። ኦቨርሎክ፣ ፍላትሎክ የሚባሉትን የስፌት ማሽኖች ያውቃል፤ ሰው መምራትን ግን ማንም አላሳየውም። ስለዚህ ላይኑ ሲጓተት ወይ ራሱ ማሽን ላይ ቁጭ ይላል፣ ወይ ይጮኻል። የዕለቱ ቁጥር ትንሽ ከፍ ሊል ይችላል፤ ሠራተኞቹ ግን መረዳዳቱን ይተዉታል። አንዳንድ ድርጅት ይህንን ለመጠገን በዓመት አንዴ ሠራተኛውን ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ወስዶ ዓሣ ያበላል። ደስ የሚል ቀን ነው፣ ይቅር አልልም። ቡድን የሚገነባው ግን ሰኞ ጠዋት፣ አራት ሰው በጎደለበት ላይን ላይ ነው።

መጀመሪያ ሒሳቡ። ላይናችሁ 30 ኦፕሬተር አለው እንበል፤ የሚሰፋው ፖሎ ቲሸርት መደበኛ ጊዜው፣ ማለትም አንዱን ለመስፋት የተተመነው የሥራ ጊዜ፣ 12 ደቂቃ ነው። 30 ሰው በ480 ደቂቃ (8 ሰዓት) ሲባዛ 14,400 ደቂቃ፣ ለ12 ሲካፈል 1,200 ልብስ ይሆናል። ላይኑ በ50 በመቶ ኢፊሸንሲ፣ ማለትም በሒሳብ ከሚቻለው ግማሹን እያወጣ፣ የሚሠራ ከሆነ የቀኑ ታርጌት 600፣ የሰዓቱ 75 ነው። ዛሬ 4 ሰው ቀረ። በዚያው ኢፊሸንሲ 26 ሰው የሚያወጣው 520፣ በሰዓት 65 ነው። የየሰዓቱ ታርጌትና ውጤት የሚጻፍበት ቦርድ ላይ 75 እንዳለ ከተተወ፣ የመጡት ሳይነገራቸው 58 በመቶ ገደማ እንዲሠሩ ተጠየቁ ማለት ነው። ረፋድ 5 ሰዓት ላይ ቦርዱ ከታርጌት በታች የሆነ ሦስት ቀይ ቁጥር ይይዛል፤ ከዚያ በኋላ ቀና ብሎ የሚያየው የለም። ታርጌት የመቀየር ሥልጣን ከሌላችሁ ሒሳቡን ወረቀት ላይ አስፍራችሁ ከ2 ሰዓት ተኩል በፊት ለፕሮዳክሽን ማናጀሩ ስጡ። ቁጥር ይዞ የመጣ ሱፐርቫይዘር ይደመጣል።

የጠዋቱ ስብሰባ ከ5 እስከ 7 ደቂቃ፣ ቆሞ፣ በሥራ ሰዓት ውስጥ ይሁን። ሠራተኛውን ከሰዓቱ በፊት አስመጥቶ መሰብሰብ ያልተከፈለበት ሥራ ማሠራት ነው፤ ሠራተኛውም ያውቀዋል። የሚነገረው አራት ነገር ብቻ ነው፦ ትናንት ስንት ወጣ፣ ዛሬ ስንት ይጠበቃል፣ ማን ወዴት ተዛወረ፣ አንድ የጥራት ስህተት። ስህተቱን በቃል አትንገሩ፤ የተመለሰውን ልብስ ራሱን ያዙና ስፌቱ የሳተበትን ቦታ በጣት አሳዩ። የማን እጅ እንደሆነ ግን አትናገሩ። ደግሞ «ገባችሁ?» ብሎ መጠየቅ ከንቱ ነው፤ መልሱ ሁልጊዜ «ገባን» ነው። ከገጠር ሲዳማ በቅርቡ የመጣች ልጅ አማርኛው ሳይገባት አንገቷን ትነቀንቃለች፣ በሰው ፊት ማፈር ስለማትፈልግ። አንዷ በሲዳምኛ ትድገመው፣ ሌላዋ በእጇ ሠርታ ታሳይ።

ሥራው ከተጀመረ በኋላ ያለው አንድ ሰዓት ቢሮ የሚገባበት አይደለም። ላይኑን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሂዱና ጥቅሉ (ለመሰፋት ታስሮ የሚተላለፈው የልብስ ክፍል) የተከመረበትን ቦታ ፈልጉ። ብዙ ጊዜ ኮሌታ ገጠማው ጋ ነው፦ ከልጅቷ በስተግራ ጥቅሉ እስከ ጉልበቷ ተቆልሏል፣ ቀጥላ ያለችው ደግሞ ባዶ እጇን ተቀምጣ ክር ትለቅማለች። በስልካችሁ ሰዓት አምስት ልብስ ለኩ። ሰው ባልጎደለበት ቀን በሰዓት 75 እንዲወጣ በየ48 ሴኮንዱ አንድ ማለፍ አለበት። እሷ 70 ሴኮንድ ከፈጀባት በሰዓት የምታሳልፈው 51 ነው፤ ሌሎቹ 29 ቢበሩም ላይኑ ከ51 አያልፍም።

እዚህ ላይ ነው አብዛኛው ሱፐርቫይዘር ጭንቅላቷ ላይ ቆሞ «ቶሎ በይ!» የሚለው። በሰው እይታ ሥር ያለች እጅ ትሳሳታለች፣ ተፈትቶ የሚሰፋው ይበዛል፣ ክምሩ ያድጋል። ይልቅ ምክንያቱን ፈልጉ። መርፌው ደንዟል? ክሩ ይበጠሳል? ጥቅሉ ተገልብጦ እየመጣ በየልብሱ ታዞረዋለች? ከፊቷ ያለችው ትከሻውን ስትገጥም ስታሳስት ኮሌታው አልገጥም እያለ ነው? የመጨረሻው በጣም የተለመደ ነው፤ ጥፋቱ የሌላ፣ ወቀሳው የእሷ ይሆናል። ማሽኑ ደህና ከሆነ ክር መቁረጡንና ጥቅል ማንሳቱን ለሄልፐር (ለረዳት ሠራተኛ) አዛውሩላት፤ ካልበቃ ሥራውን የምታውቅ ሁለተኛ ሰው ጨምሩ። ራሳችሁ ከተቀመጣችሁ ከ10 ደቂቃ አትለፉ፤ እናንተ ስትሰፉ ላይኑን የሚያይ ሰው የለም።

ሁለተኛ ሰው እንዲኖር ግን አስቀድሞ መዘጋጀት ያስፈልጋል። በአንድ ወረቀት ወደታች ስሞችን፣ ወደጎን ሥራዎችን ጻፉ፦ ጭራሽ የማትችለው ባዶ፣ እየተማረች ያለችው 1፣ የምትችለው 2፣ ሌላ ማስተማር የምትችለው 3። ለእያንዳንዱ ከባድ ሥራ 2 ወይም 3 ያላቸው ቢያንስ ሦስት ሰዎች ሊኖሩ ይገባል። ከዚህ በታች ከሆነ ሰው በቀረ ቀን ላይኑ ይቆማል። አንድ ነገር አጥብቄ እለምናለሁ፦ ሁሉን የምትችለውን ልጅ በየቀኑ ከቦታ ቦታ አታንከራትቷት። አዲስ ቦታ ስትገባ ፍጥነቷ ይወርዳል፣ ቦነሱ በግል ቁጥር ከሆነ ከላይኑ ጎበዟ እሷ ሆና ትንሹን ታገኛለች። ቀድመው የሚለቁትም እነዚህ ናቸው። በተዛወረችበት ቀን የቀድሞ አማካይዋ እንዲያዝላት ከሰው ኃይል ክፍሉ ጋር ተነጋገሩ።

ከሥራ ስለ መቅረት ደግሞ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በስድስት ወር ውስጥ በድምሩ አምስት ቀን ያለ በቂ ምክንያት መቅረት፣ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠ ከሆነ፣ የማስጠንቀቂያ ጊዜ ሳይጠበቅ ወዲያው ያሰናብታል። ወደዚያ ከመድረሱ በፊት ግን ተመልሳ በመጣችበት ጠዋት ገለል አድርጋችሁ ምን እንደገጠማት ጠይቁ፤ ሁለት ደቂቃ ይበቃል። በአንድ ክፍል ተከራይተው ከሚኖሩት አንዷ ስትታመም ሌላዋ ልታስታምም ትቀራለች፤ ይህን ያወቀ ሱፐርቫይዘር ቀጣዩን ቀን ያቅዳል። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጫምባላላም እንደዚሁ ነው። ቀኑን የሚቆርጡት ከዋክብትን የሚያነቡ አያንቶዎች ስለሆኑ በየዓመቱ ይለዋወጣል፤ ማን ወደ ቤተሰብ እንደሚሄድ አስቀድማችሁ መዝግቡ፣ ፈቃዱንም በተራ ስጡ።

ኦቨርታይም ካለ ከምሳ በፊት ይነገር። በአዋጁ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም፤ በቀን ክፍለ ጊዜ የሚከፈለው የመደበኛው አንድ ተኩል እጥፍ ነው። 11 ሰዓት ላይ በድንገት የተነገረው ትርፍ ሥራ ሰርቪስ ያልተዘጋጀለት፣ ልጅ የሚጠብቃት እናት ያላወቀችው፣ በጨለማ ወደ ሰፈር የሚያስገባ ይሆናል፤ በማግስቱ ጠዋትም ባዶ ወንበሮች ታገኛላችሁ።