ሊዮን፦ ከክፍል ቁልፍ እስከ ፈተና ወረቀት

ይህ ፈረንሳይ አገር ሊዮን ከተማ ለመማር ለምትሄዱ ነው። ከሴንት ኤግዙፔሪ አውሮፕላን ማረፊያ የሚነሳው ሮንኤክስፕሬስ ትራም በግማሽ ሰዓት ገደማ ፓርዲዩ ባቡር ጣቢያ ያደርሳል። የአውሮፕላን ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ግን ቀኑን አስቡበት፤ ዓርብ ማታ ወይም ቅዳሜ አትግቡ። የተማሪ መኖሪያ ቢሮዎች አብዛኞቹ ቅዳሜና እሑድ ዝግ ስለሆኑ ቁልፍ የሚሰጥ አይገኝም፤ ሁለት ወይም ሦስት ሌሊት ለሆቴል መክፈል ይመጣል።

ከፓርዲዩ ቲ1 ትራም ይዤ ቪለርባን ውስጥ ወዳለው የላ ዱዋ ግቢ እሄዳለሁ። ሊዮን 1 ዩኒቨርሲቲና ኢንሳ የምህንድስና ትምህርት ቤት ያሉት እዚህ ነው። ትራሙ ግቢውን መሃል ለመሃል ያቋርጠዋል። የስድስት ኪሎን በርና ፍተሻ የለመደ ሰው ግቢ ውስጥ መግባቱን እንኳ ላያውቅ ይችላል።

ክፍል ስትረከቡ መጀመሪያ የሚጠየቀው የቤት ኢንሹራንስ ወረቀት ነው፤ ያለሱ ቁልፍ ማግኘት ይከብዳል። ቀጥሎ «ኤታ ዴ ልዩ» የሚሉት የክፍሉ ርክክብ አለ። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ፍራሹን አንሱና እዩት፣ ምድጃውን ለኩሱ፣ ቧንቧውን ክፈቱ፤ የግድግዳ ጭረት ሳይቀር አስጽፉ፣ ፎቶም አንሱ። በግል ቤት ኪራይ ያመለጠ ነገር ካለ በ10 ቀን ውስጥ እንዲጨመር መጠየቅ ይቻላል። ዝም ብሎ የፈረመ ሰው ሲለቅ ሌላ ተከራይ የሰበረውን ከመያዣው ይከፍላል። የግል አከራይ ዋስ ሲጠይቅ ደግሞ ፈረንሳይ ውስጥ ዘመድ መፈለግ የግድ አይደለም፤ «ቪዛል» የተባለው ዋስትና ለተማሪ በነጻ ይሰጣል። ማመልከቻው ግን ውል ከመፈረሙ በፊት ማለቅ አለበት።

ከዚያ የወረቀት ነገር ይመጣል። ባንክ አድራሻ ይላል፣ አከራይ የባንክ ቁጥር ይላል። ቋጠሮውን የሚፈታው ከመኖሪያው ወይም ካስጠጋችሁ ሰው የሚገኝ የመኖሪያ ማረጋገጫ ደብዳቤ ስለሆነ እሱን አስቀድሙ። ለምዝገባ የሚያስፈልገው ሴቬክ የሚባለው ክፍያ እ.ኤ.አ. በ2024/25 የትምህርት ዘመን 103 ዩሮ ነበር። የረጅም ጊዜ ቪዛ ደግሞ ፓስፖርት ላይ ስለተለጠፈ ያለቀ ይመስላል፤ አላለቀም። በገቡ በ3 ወር ውስጥ በኢንተርኔት ካልጸደቀ ቆይታችሁ ሕጋዊነቱን ያጣል።

የእኛን ሰው ለይቶ የሚያስቸግረው ስም ነው። የቤተሰብ ስም የለንም፤ ቅጹ ግን «ኖም» (የቤተሰብ ስም) እና «ፕሬኖም» (የራስ ስም) ብሎ ይጠይቃል። የአባትም ይሁን የአያት፣ ፓስፖርቱ ላይ በ«ኖም» ረድፍ የሰፈረውን አንድ ፊደል ሳይለውጡ ሁሉም ቦታ መጻፍ ነው። ፀሐይ በአንዱ ወረቀት በቲና ኤስ፣ በሌላው በኤስ ብቻ ከተጻፈች ለኮምፒውተሩ ሁለት ሰው ናት። የልደት ምስክር ወረቀቱም እንዲሁ ነው፤ መስከረም 1990 ዓ.ም. 1997 ላይ ሲውል ጥር 1990 ግን 1998 ነው። ተርጓሚው በ7 ፈንታ 8 ከጨመረ ቀኑ ከፓስፖርቱ ጋር ይጋጫል፣ የጤና መድኅን ቁጥሩም ወራት ይፈጃል።

በየቢሮው ደግሞ «ቦንዡር» ሳይሉ ጉዳይ መጀመር ትልቅ ነውር ነው። እንደምን አደሩ ሳይባል ሥራ የማይጀመርበት አገር ላደገ ሰው ይሄ አይከብድም።

ምሳ በተማሪ ምግብ ቤት ነው፤ «ሬስቶ ዩ» ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ2024 ዋጋው 3.30 ዩሮ፣ ለስኮላርሺፕ ተማሪ ደግሞ 1 ዩሮ ነበር። ሰልፉ ከ6 እስከ 7 ሰዓት በኛ አቆጣጠር ይረዝማልና 5 ሰዓት ተኩል ላይ መድረስ ይሻላል። ጾመኛ ይጠንቀቅ፤ «ቬጄታሪያን» የተባለው ሳህን አይብና እንቁላል ሊኖረው ይችላል፣ ሾርባውም ክሬም ሊገባበት ይችላል። የሚፈለገው «ቬጋን»፣ ማለትም ከእንስሳት የተገኘ ነገር የሌለበት፣ የሚል ጽሑፍ ነው። ከሌለ ዳቦ፣ ምስርና ሰላጣ ይዞ መቀመጥ ነው፤ ምስር በየጊዜው አይጠፋም፣ በርበሬ ግን ከቤት ይምጣ።

የትምህርት ሰሌዳው 14 ሰዓት ሲል በእኛ 8 ሰዓት ነው። ትልቁ አዳራሽ ውስጥ የሚሰጠው «ሴኤም» ሲሆን ስም የሚጠራ የለም። ትንሹ ቡድን «ቴዴ» ግን መቅረትን ይመዘግባል። ውጤት ከ20 ነው፤ 10 ያሳልፋል፣ 14 ደግሞ «ቢያን» (ጥሩ) ይባላል፤ አገር ቤት ካለው ጋር አታወዳድሩት። በቀድሞው ትንባሆ ፋብሪካ የሚማሩት የሊዮን 3 ዩኒቨርሲቲ የሕግ ተማሪዎች ጽሑፋቸውን በሁለት ክፍል፣ እያንዳንዱን ክፍል እንደገና በሁለት እንዲከፍሉ ይጠበቃል። የሚያውቀውን ሁሉ የዘረገፈ ሰው መልሱ ልክ ቢሆንም ነጥብ ያጣል፤ የሚታረመው አከፋፈሉም ጭምር ነውና።

የፈተና ወረቀቱ ጥግ ላይ ስም ይጻፋል፣ ጥጉ ይታጠፍና ይለጠፋል፤ አራሚው የማን እንደሆነ አያይም። ጥያቄው ከብዶት ከፈተና መቅረት የሚያስብ ሰው ይህን ይወቅ፦ በብዙ ፋኩልቲ ያለ ምክንያት የቀረ ተማሪ «ዴፋያን» ተብሎ የሌሎች ትምህርቶቹ ውጤት ሊያካክስለት አይችልም። ገብቶ ስሙን ጽፎ፣ ጥጉን ለጥፎ ባዶ ወረቀት ያስረከበ ግን 0 ያገኛል፤ 0 ደግሞ ሊካካስ ይችላል።