ሐይቅ ዳር ወፍ ሲታይ ፀሐይ በየት በኩል ናት?

የሐይቅ ከተማ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ከከተማዋ ወደ ውኃው የወረደ ሰው የሚደርሰው ምዕራቡ ዳርቻ ላይ ነው፤ ጠዋት ፀሐይ የምትወጣው ደግሞ ከማዶ፣ ፊት ለፊት። ፀሐይዋ ከፍ ስትል ውኃው ያንጸባርቅና ወፉ ሁሉ ጥቁር ጥላ ይሆናል። ስለዚህ ቀኑን የምከፋፍለው በብርሃኑ ነው። (ሐይቁ ዳር ያለው እስጢፋኖስ ገዳም ሴት ስለማይገባ ከሴቶች ጋር ስሄድ ከገዳሙ ውጭ ያለውን ዳርቻ እይዛለሁ።)

12 ሰዓት ሳይሞላ ቦታዬን እይዛለሁ። የምጠቀመው 8×42 የሩቅ ማያ መነጽር ነው (8 እጥፍ ያቀርባል፣ የፊት መስተዋቱ ስፋት 42 ሚሊ ሜትር ነው)፤ 10 እጥፍ የሚያቀርበው በእጅ ሲያዝ ይንቀጠቀጣል። ወፏን መጀመሪያ በዓይኔ አገኛለሁ፤ ከዚያ ዓይኔን ሳልነቅል መነጽሩን አነሣለሁ። በመነጽር ወፍ መፈለግ ጀማሪን ተስፋ ያስቆርጣል። ቀጥሎ መጠኗን እገምታለሁ፦ ድንቢጥ ታህላለች፣ ዋኔ ወይስ ቁራ? ከዚያ ምንቃሯን፣ እግሯን። ቀለም መጨረሻ ነው። ጥቁርና ነጯ ዓሣ አጥማጅ ወፍ ግን ከውኃው በላይ አንድ ቦታ ላይ ክንፏን እያርገበገበች ስትቆም ዓይን ደረቷ ላይ ይሁን፤ ሁለት ጥቁር መቀነት ካለ ወንዱ ነው፣ አንድ ብቻ ሆኖ መሃሉ ከተቋረጠ ሴቷ ናት። ይህን አንዴ የለየ ሰው ሐይቁን እንደ በፊቱ አያየውም።

ፀሐይ ስትበረታ ለውኃው ጀርባዬን ሰጥቼ ወደ ሣሩ እዞራለሁ። ነፍሳት ሞቅ ሲላቸው ነው የሚንቀሳቀሱት፤ ከ3 እስከ 5 ሰዓት ጥሩ ነው። የውኃ ተርብ ሲያርፍ ክንፉን ከዘረጋ ወፍራሙ ወገን ነው፤ ቀጭኑ አብዛኛውን ጊዜ ጀርባው ላይ ይከድናል። ቢበርም አልከተለውም፣ ብዙ ጊዜ እዚያው እንጨት ላይ ይመለሳል። ጥላዬ ካረፈበት ግን ስለሚሸሽ ከጎን፣ ዝቅ ብዬ እጠጋለሁ።

በመስከረም አደይ አበባ ሲፈካ አንድ አበባ አጠገብ ሩብ ሰዓት መቀመጥ ያዋጣል። መሃሉ የብዙ ጥቃቅን አበቦች ስብስብ ስለሆነ የሚመጣበት ነፍሳት አያልቅም። ንብ የሚመስለው ሁሉ ንብ አይደለም፦ ሁለት ክንፍና አጭር አንቴና ካለው ዝንብ ነው፤ ንብ አራት ክንፍ አላት። አበባ አልቀጥፍም፤ ከፊት፣ ከጎንና ከቅጠሉ ፎቶ አነሣለሁ፣ ያለ ቅጠሉ ብዙ አበባ አይለይም።

ከ10 ሰዓት በኋላ ፀሐይ ከጀርባዬ ትሆናለች። ጠዋት በቅርጽ ብቻ የመዘገብኳቸውን ወፎች ያኔ በቀለማቸው አጣራለሁ። ከመስከረም እስከ መጋቢት ከሰሜን የሚመጡ ዳክዬዎችም ስላሉ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቁጥራቸውን እጽፋለሁ። ሸምበቆ ውስጥ ጎጆ ካየሁ ግን ወደ ኋላ እመለሳለሁ፤ እናትየው ከተነሣች እንቁላሉ ለፀሐይና ለአሞራ ይጋለጣል።