«ትምህርት ቤት የላክኋት ከሊጥ እንድትወጣ ነው»

የማስተምረው ከእንጦጦ ግርጌ በሚገኝ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው፤ 7ኛ ክፍል፣ አጠቃላይ ሳይንስ። ተማሪዎቼ የሸማኔ፣ የጥበቃ ሠራተኛ፣ የእንጀራ ጋጋሪ፣ ከተራራው እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች ልጆች ናቸው። ብዙዎቹ ቁርስና ምሳቸውን የሚያገኙት ከትምህርት ቤቱ ምገባ ነው። እንዲህ ላሉ ልጆች «የምትወዱትን ነገር ራሳችሁ መርምሩ» ማለት ቅንጦት የሚመስላቸው ባልደረቦች አሉኝ። የ8ኛ ክፍል ፈተና ከፊታቸው እያለ በምን ጊዜ ነው ይላሉ። ጭንቀታቸው ይገባኛል፤ ሐሳባቸውን ግን አልቀበለውም።

ዓመቱ ሲጀመር «ልታውቁት የምትፈልጉትን አንድ ነገር ጻፉ» ብዬ ወረቀት ስሰበስብ የመጣልኝ ሁሉ ከየምዕራፉ መጨረሻ የተገለበጠ ነበር። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው፤ ልጆቹም ጥያቄ ማለት በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ መልሱም መምህሩ ዘንድ የተቀመጠ ነገር ይመስላቸዋል። ስለዚህ በአማርኛ እንዲጽፉ፣ መጽሐፉ ውስጥ ያለውንም እንዳያመጡ ነገርኳቸው። ያን ጊዜ ወረቀቱ ሌላ ሆነ። ከባሕር ዛፍ ሥር ሣር ለምን አይበቅልም? እርግብ ሩቅ ወስደው ቢለቋት ቤቷን በምን ታውቀዋለች? የነጠላ ጥለት ሲታጠብ አንዱ ቀለም ነጩን ሲያበላሽ ሌላው ለምን አይለቅም?

ከኋላ ወንበር የምትቀመጥ አንዲት ልጅ ደግሞ «ሲበርድ የእኛ እንጀራ ለምን ዓይን አያወጣም?» ብላ ጻፈች። ጮክ ብላ ስታነበው ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። እሷም ወረቀቱን አጣጥፋ ተቀመጠች። እናቷ እንጀራ ጋግራ ለምግብ ቤት እንደምታስረክብ፣ ዓይን ያላወጣው እንጀራም እየተመለሰ ለኪሳራ እንደሚዳርጋቸው ያወቅሁት በኋላ ነው።

በዚያ ቀን የተዘጋጀሁበትን ትምህርት ትቼ ስለ ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት ዶክተር አክሊሉ ለማ አወራኋቸው። በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ብዙ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቢልሃርዝያ የተባለውን የጥገኛ ትል በሽታ የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ ነውና ነገሩን ቸል ብለው አላለፉትም፤ እንዶድን ሲመረምሩ ኖሩ፤ በ1989 እ.ኤ.አ. ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድን ሽልማት ተቀበሉ። ታሪኩን ስጨርስ ልጅቷን «ሊጡ የሚቀመጠው የት ነው?» ብዬ ጠየቅኋት። «ባልዲው በር ሥር ነው፤ ሌላ ቦታ የለንም» አለችኝ።

ሥራው ቀላል ነበር። ከአንድ ቡሃቃ የተቀዳ ሊጥ በሁለት የፕላስቲክ ዕቃ ይደረጋል፤ አንዱ በር ሥር፣ ሌላው ምጣዱ ካለበት ክፍል ይቀመጣል። ሊጡ የት ድረስ ኩፍ እንዳለ ማታና ጠዋት በማስመሪያ ይለካል። አሮጌ ቴርሞሜትር ከትምህርት ቤቱ አገኘንላት። የታኅሣሥ ብርድ ገብቶ ስለነበር ወቅቱም ተስማማን።

ከዚያ እናትየዋ መጡ። መምህራን ክፍል በር ላይ ቆመው፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣ በቁጣና በትሕትና መካከል «መምህር፣ ልጄ ማታ ማታ ሊጤን እየለካች አስቸገረችኝ» አሉ። «እኔ እኮ ትምህርት ቤት የላክኋት ከሊጥ እንድትወጣ ነው።»

ከዚህ የከበደ ነገር ወላጅ ነግሮኝ አያውቅም። ሴትዮዋ እውነታቸውን ነው። ድካማቸውን ሁሉ የከፈሉት ልጃቸው በዚያ ጭስ ውስጥ እንዳታረጅ ነው፤ እኔ ደግሞ ሳይንስ ብዬ ወደዚያው የመለስኳት መሰላቸው። ክርክር አልጀመርኩም። ልጅቷን አስጠራሁና ደብተሯን ለእናቷ እንድታነብላቸው ጠየቅኋት። ቀኑን፣ ሙቀቱን፣ የሊጡን ከፍታ እየጠራች አነበበች። እናትየዋ ፊታቸውን አጨፍግገው ሲሰሙ ቆዩና ድንገት አቋረጧት፦ «ቆይ፣ ያኛው ላይ አብሲት አድርገሻል፤ በሩ ሥር ያለው ላይ አላደረግሽም። እንዴት አንድ ይሆናል?»

ልክ ነበሩ። አብሲት፣ ከሊጡ ተቀንሶ ተቀቅሎ የሚመለሰው፣ ሊጡ ኩፍ እንዲል የሚያግዝ ነው፤ አንዱ ዕቃ ውስጥ ብቻ ከገባ ልዩነቱ የሙቀት ይሁን የአብሲት ማንም ሊያውቅ አይችልም። በንጽጽር ከአንድ ነገር በስተቀር ሌላው ሁሉ እኩል መሆን አለበት የሚለውን ሕግ ሰሌዳ ላይ ጽፌ ያስተማርኩት ቀደም ብሎ ነበር። በደብተሩ ላይ የጎደለውን ያዩት ግን ደብተሩን ማንበብ የማይችሉት እናት ናቸው። ይህን ነገርኳቸው። ፈገግ አላሉም፤ «እንግዲያ እንደገና ትሥራው» አሉ፤ ከዚያ ወዲህ ማታ አብረዋት ይለኩ ነበር።

እንደገና ሠራችው። ምጣዱ አጠገብ ያደረው ቶሎ ኩፍ ሲል በር ሥር ያደረው ገና ነበር። እሱም አንድ ቀን ሲጨመርለት ዓይን አወጣ። ልጅቷ ክፍል ፊት ቆማ ያቀረበችው መደምደሚያ «ብርዱ ሊጡን አያበላሸውም፤ ያዘገየዋል» የሚል ነው። እርሾው ውስጥ ያሉት ረቂቅ ሕዋሳት ዱቄቱን ተመግበው ጋዝ እንደሚያወጡ፣ ሲበርዳቸውም እንደሚዘገዩ ያስረዳሁት ከእሷ በኋላ ነው፤ ክፍሉ እንደዚያ ጸጥ ብሎ ሲሰማኝ አላስታውስም። እናትየዋ አሁን በብርዱ ወራት ሊጡን በአንድ ቀን ቀደም ብለው ያቦካሉ፤ ባልዲውም ከበር ሥር ተነሥቷል።

አንዳንድ መምህራን ኢንተርኔትና ቤተ ሙከራ እስኪመጣ ይጠብቃሉ። ቢመጣ ደስ ይለኛል፤ በየስብሰባውም እጠይቃለሁ። እስከዚያው ግን ልጁ ያለው ደብተርና ማስመሪያ፣ እንዲሁም ሥራውን ጠንቅቆ የሚያውቅ ወላጅ ነው። ስለዚህ ወላጅን የምጠራው ልጅ ሲያጠፋ ብቻ መሆኑ ቀርቷል፤ ልጁ ጥያቄውን እንደመረጠ እጠራለሁ። በቅርቡ የመጡ አንድ ሸማኔ አባት የልጃቸውን የጥለት ቀለም ጥያቄ ሰምተው ብዙ ካሰቡ በኋላ «ክሩን ከየትኛው ሱቅ እንደገዛነው ለይተህ ጻፍ፤ ሁሉንም በአንድ ውሃ እንዳታጥብ» አሉት። ልጁ አሁን የየሱቁን ክር ለየብቻ ቋጥሮ እያጠበ ነው፤ ውጤቱን ለክፍሉ የሚያቀርበው አባቱ ባሉበት ነው።