ቤት ያሳጣኝ «ባክ አውት»

ዋሽንግተን ዲሲ እንደመጣሁ ሥራ ያገኘሁት ፓርኪንግ ውስጥ ነው። «ባክ አፕ» ሲሉኝ መኪናውን ወደ ኋላ እነዳለሁ። «ባክ አውት» ሲሉኝ በኋላ ማርሽ ከቆመበት ቦታ አወጣዋለሁ። አዲስ አበባ «ና፣ ና፣ ና፣ በቃ!» እየተባለ የሚሠራው ሥራ ነው። በአንድ ቀን ለመድኩት።

በሦስተኛው ወር ከዲሲ አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ባለ አንድ መኝታ ቤት አገኘሁ። አፕሊኬሽን ሞላሁ፣ ከፈልኩ፣ ተፈቀደልኝ። የቀረው ረቡዕ ሄዶ መፈረም ነበር። ረቡዕ ግን የሚተካኝ ሰው ቀረና ከሥራ መውጣት አልቻልኩም። ደውዬም አልነገርኳቸውም። ይኼ የራሴ ጥፋት ነው።

ሐሙስ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። የደንበኛ መኪና ውስጥ ነኝ፣ ማርሹ ኋላ ላይ ነው፣ ሴንሰሩ ጢጥ ጢጥ ይላል። የኪራይ ቢሮዋ ሴትዮ ነች። ፈጠን ብላ ስለ ትናንት የሆነ ነገር አለችና «አር ዩ ባኪንግ አውት?» ስትል ጠየቀችኝ። የሴንሰሩን ድምፅ ሰምታ መሰለኝ። «የስ፣ የስ፣ ናው!» አልኳት። አመስግናኝ ዘጋችው።

አርብ ቼኬን ይዤ ሄድኩ። ቤቱ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። «ትቼዋለሁ ያልከው አንተ ነህ» አለችኝ። የአፕሊኬሽኑም ብር አይመለስም። ለካስ «ባክ አውት» ማለት ከተስማሙበት ነገር መውጣት፣ ቃልን ማጠፍም ነው። እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ፣ አነጋገሬን እየሰማች «ቤቱን አትፈልገውም ማለት ነው?» ብላ አንዴ እንኳ አለመድገሟ ነው።

የማታ ትምህርት ቤት አስተማሪያችን እንዲህ ያሉ የእንግሊዝኛ ቃላትን ዝርዝር ሰጥቶ «ሸምድዱ» ይለናል። እኔ አትሸምድዱ ነው የምለው። ከጋራዥ ስትወጣም ከውል ስትወጣም ቃሉ ያው «ባክ አውት ኦፍ» ነው፤ ሽምደዳ አይለይልህም። የሚለየው ከምን እንደምትወጣ ነው። ስለዚህ ሳታፍር «አውት ኦፍ ዋት?» ብለህ ጠይቅ። የቀሩትንም ከሁኔታው ጋር ያዛቸው። የተቆጣ ሰው «ባክ ኦፍ» ካለህ ራቅ በልለት፣ ተወው። ተከራክሮ ከአቋሙ ያፈገፈገ «ባክ ዳውን» አደረገ ይባላል። «ባክ አፕ» ደግሞ መኪና ወደ ኋላ ከመንዳት ሌላ የስልክህን ፎቶ ቅጂ ማስቀመጥም፣ ለሰው ድጋፍ መስጠትም ነው፤ በእነዚህ ማፈግፈግ የለበትም።

የቤት ጉዳይ ከሆነ ደግሞ በስልክ «የስ» አትበል። በጽሑፍ ላኩልኝ በል። እኔ ያን ጊዜ ብዬ ቢሆን አጠገቡ ባለፍኩ ቁጥር ሦስተኛው ፎቅ ላይ ያለውን መስኮት ቀና ብዬ አላየውም ነበር።